«ዛሬ ሴቶች አልተጫወቱም እንዴ?» ላለችኝ ልጄ ምን ልመልስላት?

የልጅቷ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ትንሽ ስለሚረዝምባችሁ ይቅርታ።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ከ8 ዓመቷ ጀምሮ ኳስ ትጫወታለች። ግራ ክንፍ ናት። ቀኝ እግሯን ብዙም አታምነውም፤ በግራ በኩል ከሄደች ግን የሚይዛት የለም። እናቷ ስለሆንኩ አይደለም ይህን የምለው። አሠልጣኟም ይላል።

ማታ ማታ ከአባቷ ጋር የስፖርት ዜና ያያሉ። የሁለቱ ሰዓት ነው። እኔ ከወዲያኛው ክፍል ድምፁን እሰማለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ማታ ዜናው ሲያልቅ፣ «ዛሬ ሴቶች አልተጫወቱም እንዴ?» ስትል ሰማኋት። አባቷ «ሳይጫወቱ አይቀሩም» አላት። በዚያው ዝም ተባባሉ። እሷ ግን አልተወችውም።

በማግስቱ የሒሳብ ደብተሯን ከጀርባ ገልብጣ በእርሳስ ሁለት ዓምድ አሰመረች። በአንዱ አናት ላይ «ወ»፣ በሌላው ላይ «ሴ» ብላ ጻፈች። አንድ ዜና በተነበበ ቁጥር አንድ ሰረዝ። አምስተኛው ሲመጣ አራቱን በአንድ መስመር ታስራቸዋለች። እንዲህ እያደረገች 14 ማታ ቆጠረች። እኔ የቤት ሥራ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ተኝታ ደብተሩን ከፈትኩት። የ«ወ» ዓምድ ገጹን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ተሻግሯል። «ሴ» ሥር ያለው ሰባት ሰረዝ ነው። ከሦስቱ ጎን በትንንሽ ፊደል የጻፈችው አለ። አንዱ ጋ «ስለ ልብሷ»። አንዱ ጋ «ባሏ ተጫዋች ነው»። አንዱ ጋ «ኳሱን ስትስተው፣ ለሳቅ»።

ያን ሳነብ ሆዴ ባባ።

ይኸውና ዛሬ ጠዋት «እማ፣ ኳስ ላቆም ነው» አለችኝ። ምነው ስላት «እንዲሁ» አለች። ደግሜ ስጠይቃት «ለማን ብዬ ነው የምጫወተው?» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ምክንያቱ ደብተሩ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም። በዚህ ዕድሜ ብዙ ነገር ይደራረባል። አባቷ «ካልፈለገች ታቁም፣ ግዴታ ነው እንዴ» ይላል። ክፋት የለውም፣ ነፃነቷን አስቦ ነው። እኔ ግን ማስገደድም አልሆነልኝ፣ ዝም ብዬ ስትተወው ማየትም አልቻልኩም።

ሴቶች ለምንድነው የማይታዩት? ትክክለኛውን ምክንያት ንገሩኝ። ልጅቷ ቆጥራ ያገኘችው ነገር ስለሆነ በማባበያ አትመለስም። እኔስ ምን ላድርግ?

ደጋፊው

እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት። ከማውራት ይልቅ የምትቆጥር ልጅ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ግን እውነቱን ልንገርሽ። ነገሩ ገበያ ነው። ጣቢያው የሚያሳየው ሰው የሚያየውን ነው። የወንዶቹ ኳስ ይፈጥናል፣ ስታዲየም ይሞላል፣ ማስታወቂያ ይስባል። የሴቶቹን ሰው መከታተል ሲጀምር ጣቢያውም ያሳያል። ማንም ሆን ብሎ የበደላቸው የለም። ከወደደችው ትጫወት፣ የቴሌቪዥኑን ነገር ግን ተይው በያት።

የቀድሞ ስፖርት ጋዜጠኛ

ደጋፊው ወንድሜ፣ በቅንነት እንደጻፍከው ይገባኛል። ግን «ማንም ሆን ብሎ የበደላቸው የለም» የሚለውን አይቼ ማለፍ አላስችል አለኝ። 11 ዓመት የስፖርት ዴስክ (የስፖርት ዜና ክፍል) ላይ ሠርቻለሁ። ሴት ነኝ። ሥራ ስጀምር እኔም ልክ እንዳንተ ነበር የማስበው።

ከሩቁ ልጀምር። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1920፣ በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ ሊቨርፑል በሚገኘው ጉዲሰን ፓርክ ሁለት የሴቶች ቡድኖች ተጫወቱ። አንዱ ዲክ ኬር ሌዲስ ይባላል፣ ፕሪስተን ከተማ ካለ ፋብሪካ የወጡ ሠራተኞች ቡድን ነው። 53 ሺህ ሰው ገባ። ቦታ አጥቶ በር ላይ የቀረው ራሱ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። እንግዲህ ገበያ ካልከኝ ይኸውልህ ገበያ።

ዓመት አልሞላውም። ዲሴምበር 5 ቀን 1921 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ኳስ ለሴት የማይስማማ ጨዋታ ነው ብሎ ወሰነ። በሥሩ ያሉ ክለቦች ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ አገደ። እገዳው ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆየ። ምዕራብ ጀርመን ከ1955 እስከ 1970 ተመሳሳይ እገዳ ነበራት። ብራዚል ደግሞ ከ1941 እስከ 1979 ድረስ ከልክላለች። ፔሌ በ1958፣ በ1962 እና በ1970 የዓለም ዋንጫ ሲያነሣ እዚያው አገሩ ውስጥ ሴት ልጅ ኳስ መጫወት ክልክል ነበር።

እስኪ ያን ዘመን አስበው። ወንዶቹ ሬዲዮ ገቡ። ቴሌቪዥን ገቡ። ልጅ ከአባቱ ክለብ ወረሰ። ስታዲየሙ ተስፋፋ፣ ስፖንሰር መጣ። ሴቶቹ የሚሮጡበት ሣር አጡ። ዛሬ ገበያ የምንለው ያኔ የተተከለው ነው።

የኔ ሙያ በዚህ ውስጥ ንጹሕ አይደለም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። በ1928 አምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አሸነፈች። ለፍጻሜ የቀረቡት ዘጠኝ ነበሩ፣ ዘጠኙም ጨረሱ። አንዳንድ ጋዜጦች ግን አቋርጠው የወጡ፣ መሬት ላይ የተዘረሩ ሴቶች እንዳዩ አድርገው ጻፉ። ሯጭ 800 ሜትር ሮጦ ሲጨርስ ያለከልካል፣ ሣሩ ላይ ይጋደማል። ወንዱም እንዲሁ ነው። የሴቶቹ ግን ዜና ሆነ። ውድድሩ ከኦሊምፒክ ወጣና እስከ 1960 ሮም አልተመለሰም። 32 ዓመት! ሯጮች ዕድሜያቸው አለፈ፣ ከእነሱ በኋላ የመጡትም አለፈ። ለዚህ ሁሉ የተሳሳተ ዘገባ እጁ ነበረበት።

ካሜራ ሲገኝ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። በ1967፣ ያኔ ለሴቶች ዝግ በነበረው ቦስተን ማራቶን ላይ፣ ካትሪን ስዊትዘር 261 ቁጥር ለጥፋ ስትሮጥ አንድ የውድድሩ ኃላፊ ከኋላዋ ሮጦ ቁጥሯን ሊቀድ ታገለ። ፎቶ አንሺዎች ከፊቷ ነበሩ። ምስሉ ዓለምን ዞረ። በ1972 ቦስተን ለሴቶች በይፋ ተከፈተ። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ የገባው በ1984 ነው። የወንዶቹ በ1896 ነበር።

አሁን ዴስኩ ውስጥ ልውሰዳችሁ፤ ልጅቷ የቆጠረችው ነገር የሚሠራው እዚያ ነው። የመጨረሻው ሰዓት ሲቃረብ ክፍሉ ውስጥ ማንም ቁጭ አይልም። የወንዶቹ ጨዋታ ሁሉ ነገሩ ተዘጋጅቶ ይመጣል፦ ምስሉ ተቆርጦ፣ ጎሉ ከአራት አቅጣጫ፣ የተጫዋቾቹ ስም በትክክል ተጽፎ፣ የአሠልጣኙ አስተያየት ሳይቀር። የሴቶቹን ስንፈልግ አንድ ፎቶ እናገኛለን፣ ከሥሩ «ተጫዋቾች ደስታቸውን ሲገልጹ» የሚል። ማን ናቸው? ማን አገባ? ለማጣራት ስልክ መደወል ሊኖርብህ ነው። ስድስት ደቂቃ ቀርቶሃል። «የሴቶቹን ለነገ እናሳድረው» ይባላል። በክፋት አልነበረም የሚባለው። ነገ ግን የራሱን የወንዶች ጨዋታ ይዞ ይመጣል። እኔ ራሴ ብያለሁ፣ ያውም ብዙ ጊዜ። ዛሬም ይቆጨኛል።

አንድ ጊዜ የሴቶች ፍጻሜ ልንቀርጽ ሄድን። የተሰጠን አንድ ካሜራ ነው። በአንደኛው ጎል በኩል ቆመን ነበር። ጎሉ የገባው በማዶኛው ሆነ። ማታ ያቀረብነው ምስል ላይ የሚታየው ከሩቅ የሚሯሯጡ ነጠብጣቦች፣ ከዚያ እጅ ማንሣት። ድጋሚ የለ፣ ፊት የለ፣ እግር የለ። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ «አየሽ፣ የሴቶች ኳስ አይመስጥም» አለኝ። በዚያው ሳምንት የወንዶቹን በስምንት ካሜራ ነበር ያየነው። በአንድ ካሜራ የተቀረጸ ጨዋታ ማንም ይጫወተው ማን ቀርፋፋ ነው የሚመስለው። «የወንዶቹ ይፈጥናል» ስትል ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ እግር፣ ምን ያህሉ ካሜራ እንደሆነ እስኪ አስብበት።

ለልጅቷ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ እህቴ። እሷ በሒሳብ ደብተር የሠራችውን አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለ30 ዓመት ሠርተውታል፣ በየአምስት ዓመቱ እየተመለሱ። በ1989 ከቴሌቪዥን የስፖርት ዜና ጊዜ ውስጥ ለሴቶች የተሰጠው 5 በመቶ ነበር። በ2019 5.4 በመቶ። 30 ዓመት፣ 0.4 በመቶ። አቆጣጠሯ ልክ እንደሆነ ትወቅ።

«ባሏ ተጫዋች ነው» ያለችውም አዲስ አይደለም። በ2016 ሪዮ ላይ አሜሪካዊቷ ኮሪ ኮግዴል በተኩስ ውድድር ነሐስ ስታገኝ አንድ የቺካጎ ጋዜጣ በማኅበራዊ ገጹ ላይ የጻፈው የከተማዋ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ተጫዋች ሚስት ሜዳሊያ አገኘች ብሎ ነው። ስሟ እዚያ ላይ አልነበረም። በዚያው ኦሊምፒክ ብሪታንያዊው የቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሪ ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ ሲወስድ ጠያቂው በቴኒስ ሁለት ወርቅ ያገኘህ የመጀመሪያው ሰው ነህ አለው። አንዲ መሪ ግን ቪነስ እና ሴሬና ዊሊያምስ እያንዳንዳቸው ወደ አራት የሚጠጋ አላቸው ብሎ እዚያው አረመው። ምንም አላስጨነቀውም፣ እውነቱን ብቻ ተናገረ። እንዲህ ያለ ሰው ክፍላችን ውስጥ አንድ ቢኖር ብዙ ይቀየር ነበር።

ደጋፊው

የእገዳውን ነገር አላውቅም ነበር። ጨርሶ ሰምቼው አላውቅም። 53 ሺህ የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ለክርክር ብዬ አይደለም። ያለፈው ይሁን። ዛሬ ግን ፊፋ ለ2022ቱ የወንዶች ዓለም ዋንጫ 440 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መደበ፣ ለ2023ቱ የሴቶች 110 ሚሊዮን። ገቢው እኩል ካልሆነ ሽልማቱ ከየት መጥቶ እኩል ይሆናል?

የቀድሞ ስፖርት ጋዜጠኛ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ገቢው በምን እንደተለካ ልንገርህ። ለረጅም ጊዜ የሴቶች ዓለም ዋንጫ የስርጭት መብት ከወንዶቹ ጋር ታስሮ ነበር የሚሸጠው። እንደ ምርቃት ማለት ነው። የወንዶቹን የገዛ ጣቢያ የሴቶቹንም ያገኛል። ፊፋ ለብቻው አውጥቶ መሸጥ የጀመረው ለ2023ቱ ውድድር ነው። ምርቃት ተደርጎ የሚሰጥ ነገር ዋጋው ስንት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሽልማቱ ደግሞ በ2019 30 ሚሊዮን ነበር። በአራት ዓመት ወደ 110 የወጣው ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ፈጣን ሆነው አይደለም።

ሕዝብ አይመጣም ለሚለውም፣ በማርች 2022 ባርሴሎና እና ሪያል ማድሪድ ሴቶቻቸውን ካምፕ ኑ ላይ አጫወቱ። 91,553 ሰው ገባ። በሚቀጥለው ወር ከቮልፍስቡርግ ጋር 91,648። ቡድኑ ያው ቡድን ነው። ትልቁ ስታዲየም ተከፈተለት፣ ቀድሞ ተነገረለት፣ በቃ።

ግን ከዚህ ሁሉ የምወደው ማስረጃ ሩጫ ነው። አማርኛ የሚያነብ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና 10 ሺህ ሜትሩን ስትሮጥ «የሴት ሩጫ ነው» ብሎ ቴሌቪዥኑን ያጠፋ ሰው ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ጥሩነሽን፣ መሠረትን፣ አልማዝን ያየነው እንዴት ነው? ትንፋሻችንን ይዘን። በ2024 ፓሪስ ላይ ሲፋን ሀሰን እና ትዕግስት አሰፋ ማራቶኑን በሦስት ሰከንድ ተለያይተው ሲጨርሱ መቀመጥ ያቃተው ሰው ስንት ነበር።

ለምን ይመስልሃል ሩጫ ላይ እንዲህ የሆነው? እኔ ዓመታት አስቤበታለሁ። አትሌቲክስ ላይ ሴቱም ወንዱም አንድ መም ላይ ነው የሚሮጠው። አንድ ስታዲየም፣ አንድ ምሽት፣ ያው ካሜራ፣ ያው ኮሜንታተር። የወንዶቹ ሲያልቅ የሴቶቹ ይቀጥላል። ማንም «ለነገ እናሳድረው» ሊል አይችልም። ሰዉ በእኩል ዓይን ያየው በእኩል ስለቀረበለት ነው። ኳሱ ተለይቶ ስለቀረ የእንጀራ ልጅ ሆነ።

ያ መም ራሱ ግን በልመና ነው የተገኘው። የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ኦሊምፒክ የገባው በ1988 ነው። ደራርቱ ሁለተኛዋ አሸናፊ ናት። ሃያ ዓመት ቀድማ ብትወለድ በጉልበቷ ጫፍ ላይ እያለች የምትሮጠው ውድድር አልነበረም። 5 ሺህ በ1996፣ 3 ሺህ መሰናክል በ2008 ነው የመጡት።

አሠልጣኝ ነኝ

የዓለም ዋንጫውን ለእናንተ ልተወውና ወደ ልጅቷ ልመለስ። 16 ዓመት ሴት ልጆችን አሠልጥኛለሁ። እህቴ፣ 13 ዓመት ብለሽ ስትጽፊ ልቤ ድንግጥ አለ። ከ12 እስከ 14 ባለው ነው የሚያመልጡኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉትን አስጠንቶ ነበር። በ2016 በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ሴቶች 85 በመቶ፣ ወንዶች 78 በመቶ ነበሩ። ሁለቱም ያሳስባሉ፣ ሴቶቹ ግን ይብሳሉ። እኔ ቁጥሩን ሳላውቅ በፊት በሜዳዬ አይቼዋለሁ።

ለብዙ ዓመት ልጆቹ ሰልችቷቸው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን እንዲህ ሆነ። ግብ ጠባቂዬ ናት፣ ያኔ 13 ዓመቷ። በጠራራ ፀሐይ ጃኬቷን ወገቧ ላይ አስራ መጣች። አውልቂው አልኳት። ዝም አለች። ደገምኩላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን አልፈታችውም። እኔም ተቆጥቼ አስቀመጥኳት። ማታ እናቷ ደወለችልኝ። የወር አበባዋ መጥቶ ነው። ቁምጣችን ነጭ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቷ ያለ ጥፋቷ ተቀጣች፣ የቀጣኋት ደግሞ እኔ ነኝ። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ ቡድኔ ነጭ ቁምጣ ለብሶ አያውቅም። በመድኃኒት ሣጥናችን ውስጥ ከፋሻው ጎን ንጽህና መጠበቂያ አለ፣ ማንም ሳይጠይቅ የሚወስደው። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የተማርኩት። የቴኒስ ውድድሩ ዊምብልደን ያን ሁሉ ዘመን ነጭ ካልሆነ ሲል ቆይቶ ሴቶች ከሥር ጠቆር ያለ ቁምጣ እንዲለብሱ የፈቀደው በ2023 ነው። የእንግሊዝ የሴቶች ብሔራዊ ቡድንም በዚያው ዓመት ነጩን ቁምጣ በሰማያዊ ቀየረ።

ስለዚህ ልጅሽን ስለ ቁምጣው ጠይቂያት። ስለ ጡት መያዣም። ለሩጫ የሚሆን ደህና ነገር ከሌላት በሮጠች ቁጥር ያማታል፣ ትሸማቀቃለች፣ አትነግርሽም ደግሞ። ታኬታዋንም እይው። አብዛኛው የሚሠራው በወንድ እግር ልክ ነው። የሴት ልጅ ጉልበት ደግሞ ለጅማት መበጠስ ከወንዱ ይልቅ የተጋለጠ ነው። ማሟሟቂያ ላይ አሠልጣኙ አንድ እግር ላይ መቆም፣ ዘሎ በለስላሳ ማረፍ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይገባ መታጠፍ ያሠራቸዋል ወይ? ካላሠራቸው ጠይቂው፣ መብትሽ ነው።

ሌላው ሜዳ ነው። ልምምዳቸው ስንት ሰዓት ነው? ብዙ ቦታ ወንዶቹ ደህናውን ሰዓት ይወስዱና ሴቶቹ ሲመሻሽ ይገባሉ፣ ያውም የተረገጠ ሜዳ ላይ። ልጅ ይህን ያያል። አዋቂ ሳይነግራት ስንተኛ እንደሆነች ታውቃለች።

«ለማን ብዬ ነው የምጫወተው?» ላለችው፣ እኔ እንደገባኝ ማን ያየኛል ማለቷ ነው። ቅዳሜ ዳር ላይ ማን ይቆማል? የኔ ቡድን ውስጥ አባት የሚመጣላቸው ልጆች በጨዋታ መሃል አንገታቸውን ዞር አድርገው ያያሉ። አንድ አፍታ ነው። ካዩት በኋላ ሩጫቸው ይለወጣል። አባቷን ይዘሽው ሂጂ። ዜናውን አብሯት የሚያየው ሰው ጨዋታዋን አይቶት ያውቃል?

ቁጥር 6

ሰላም ለእርስዎ። እኔ 17 ዓመቴ ነው። 14 ዓመቴ ላይ አቁሜ ነበር፣ 16 ላይ ተመለስኩ።

ያቆምኩት በብዙ ነገር ነው፣ አሠልጣኙ የጻፉት አብዛኛው ልክ ነው። የመለሰኝን ልንገርዎት። አንዲት ጓደኛዬ ድሮ በስልኳ የቀረጸችውን ላከችልኝ። 20 ሰከንድ አይሞላም። ሁለት ሰው መሃል ኳስ ተቀብዬ ሳላይ ወደ ቀኝ ሳሾልክ ነው። እንደዚያ እንደምጫወት አላውቅም ነበር። ራሴን ከውጭ አይቼ አላውቅም። ወንድሜ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመስለውን ሰው በየቀኑ ስክሪን ላይ ያያል። «እንደ እገሌ ነው የመታሁት» ይላል። እኔ «እንደ እገሊት» የምላት አልነበረችኝም።

ያን ቪዲዮ መቶ ጊዜ ሳላየው አልቀርም።

የልጅቷ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ዝም ያልኩት እያነበብኩላት ስለነበር ነው።

የጋዜጠኛዋን ጽሑፍ አብረን አነበብነው። 53 ሺህ የሚለው ላይ «ጠብቂ» አለችኝና ደብተሩን አመጣች። ከሰባቱ ሰረዞች ሥር ቁጥሩን ጻፈችው። ከዚያ ስለ እገዳው ስናነብ በጣም ተናደደች። «ማን ነው ያገደው? ስሙ ማን ነው?» ስትል ነበር። እንዲህ ስትናደድ ካየኋት ቆይቷል፣ ደስ አለኝ።

ስለ ቁምጣው ማታ ለብቻዋ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ከዚያ «ነጭ ነው» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። አቀፍኳት። ማልያና ቁምጣዋን በየሳምንቱ የማጥበው እኔ ነኝ። በእጄ ይዤው እንዴት እንዳላሰብኩት እንጃ። ለአሠልጣኟ ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ እሱም ደነገጠ። ለጊዜው በልምምድ ቁምጣ እንዲጫወቱ ተስማምቷል፣ ጥቁር ነው።

ባለቤቴ «ጨዋታዋን አይቶት ያውቃል?» የሚለውን ካነበበ በኋላ ብዙ አልተናገረም። አይቶ የሚያውቀው ሁለት ጊዜ ነው። ዛሬ ጠዋት ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቃት።

እሷ እስካሁን «እቀጥላለሁ» አላለችም። «ቅዳሜን ልጫወትና አያለሁ» ነው ያለችው። እኔም አልጨመርኩበትም።

አሠልጣኝ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቁጥር 6 እንዳለችው ልቀርጻት አስቤያለሁ። ያለኝ ስልክ ነው። የት ጋ ብቆም ይሻላል?

አሠልጣኝ ነኝ

መሃል መስመሩ ትክክል ላይ ቁሚ፣ ከጎሉ ጀርባ አይሁን። መቀመጫ ወይም ከፍ ያለ ነገር ካለ ውጪበት። ስልኩን አግድም ያዢው። ኳሱን ብቻ አትከተይ፣ እሷ ኳስ ሳትይዝም የምትሮጠውን ያዢ፤ ክንፍ ተጫዋች ሥራዋ ግማሹ እዚያ ነው። ምስሉን አታጉዪው፣ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ ከጀርባሽ ይሁን። ባትሪውን ሙዪ፣ ከእረፍት በኋላ ቦታ ስለሚቀያየሩ የግራው ክንፍ ወደ ማዶ ይሄድብሻል። ያኔ አባትየው በዚያኛው መስመር ይቁምና በእሱ ስልክ ይቅረጽ።